ከኮምፒውተሩ ቅርጫት ስለ ጠፉት አንድ መቶ አርባ ሦስት ማኅደሮች

ለከተማው የቤት ይዞታ መዝገብ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ሶኬት እንዲነቀል በትሕትና ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል፣ ደህና አይደለሁም እንዳልል ደግሞ የክቡርነትዎን ቀን በሰው ችግር ማበላሸት ይሆንብኛልና፣ የራሴን ነገር ትቼ ለእርስዎ ጤና፣ በተለይም ለጆሮዎ ጤና፣ አጥብቄ እየጸለይኩ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ በሚመሩት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና በኋላም በኮምፒውተር፣ ስጽፍ ኖሬ ከስድስት ዓመት በፊት ጡረታ የወጣሁት ሴትዮ ነኝ። እርስዎ ገና ተራ ሠራተኛ ሳሉ የዕድገት ማመልከቻዎን ሦስት ጊዜ አርሜ የጻፍኩልዎም እኔው ነበርኩ፤ ያን ጊዜ የፊደል ስሕተትዎን ባላርመው ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው በጻፍኩ ነበር። የምጽፍልዎ ስለ ወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ በእጄ ያደገች፣ በመሥሪያ ቤትዎ ምድር ቤት ክፍል ቁጥር ስድስት ውስጥ ሰነድ ስካን ስታደርግ የኖረች፣ አሁን ግን «ሆን ብላ አንድ መቶ አርባ ሦስት የቤት ማኅደሮችን ከኮምፒውተር አጥፍታለች» ተብላ ከታገደች ሦስት ሳምንት የሆናት ልጅ ናት። የፊታችን ሰኞ ጠዋት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ጥፋተኛ ከተባለች ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን ጉዳዩ ወደ ፖሊስ እንደሚተላለፍ በእርስዎ ፊርማ የወጣው ደብዳቤ በደማቁ ይናገራል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ክቡር ሆይ።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብዎ። በዝግ ኤንቨሎፕ አራት ጽፌልዎታለሁ። የመጀመሪያው የግራ ኅዳጉ በአንድ ጣት ጠቧል ተብሎ ተመለሰልኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚያን መሥሪያ ቤት ኅዳግ ስለካ ለኖርኩት ለእኔ ማለት ነው። ሁለተኛው ገቢ ከሆነ በኋላ የውሃ ሽታ ሆነ። ስለ ሦስተኛው ስጠይቅ ጸሐፊዎ «እየታየ ነው» አለችኝ፤ ሦስት ቀን ተመላልሼ ሦስቱንም ቀን እየታየ ነበር፤ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይህን ያህል ከታየ እስካሁን በቃል ሸምድደውት ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። አራተኛውን በገዛ እጄ ልስጥዎ ብዬ በርዎ ላይ ከጠዋት እስከ ምሳ ስቀመጥ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፣ ከምሳ በኋላም ስብሰባው ገና ነው ተባልኩ፣ ከዚያ በጓሮ በኩል ባለው በር ሲወጡ በመስኮት አየሁዎ። አካሄድዎ ቀልጣፋ ነው፤ ጤናዎ ደህና መሆኑን ያወቅሁትም ያኔ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ወይም ትክክለኛ ስማቸውን ልስጣቸውና ምስጋናዎቼን፣ በቁጥር እዘረዝራለሁ።

አንደኛ። «የኮምፒውተር ገጽ ንጽሕናን ስለ መጠበቅ» በሚል ርእስ ዓምና ስላወጡት መመሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ መመሪያ መሠረት በማንኛውም ሠራተኛ ኮምፒውተር ገጽ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ዓርማ በስተቀር ምንም ነገር መታየት የለበትም፤ በየትኛውም ፎልደር ውስጥ ቢሆን እርስዎ ያላጸደቁት ሰነድ ከተገኘ ሠራተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ተቆጣጣሪዎ በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ይዞ እየዞረ ፎልደር በፎልደር ይከፍታል፣ ይቆጥራል፣ ይጽፋል። እርስዎ ያላጸደቁት ሰነድ ማለት ግን ገና በመሠራት ላይ ያለ ሰነድ ማለት ነው፤ ስለዚህ መመሪያው ከነግርማ ሞገሱ ሲጠቃለል «ሥራ ስትሠሩ እንዳትገኙ» ይላል። በዘመኔ ብዙ መመሪያ በእጄ አልፏል፤ እንዲህ ያለውን ግን ለመጻፍ አልታደልኩም።

ሁለተኛ። የምድር ቤቱ ቧንቧ «ሊፈነዳ ነው» ብላ የወንድሜ ልጅ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከተች፤ ቧንቧውም ቃሏን አክብሮ ፈነዳ። የድሮ የቤት ማኅደሮች በውሃ ረጠቡ፣ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ፣ ሻገቱ። ልጅቷ ጓንት አጥልቃ፣ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ እያንዳንዱን ወረቀት በፀጉር ማድረቂያ እያደረቀች፣ ከጎረቤቱ በቢላ ጫፍ እያላቀቀች ሦስት ወር ሙሉ ስካን አደረገች። ፀጉር ማድረቂያው የእኔ ነው፤ እስካሁን አልተመለሰልኝም፣ እሱን ግን ለመሥሪያ ቤቱ እንደ ስጦታ ይቁጠሩት። እርስዎም «ሽታው ለእንግዳ አይመችም» ብለው ስካን የተደረገው ወረቀት ሁሉ በሳምንቱ በጭነት መኪና እንዲወገድ አዘዙ፣ ተወገደ። ስለዚህ አንድ መቶ አርባ ሦስት ቤተሰብ «ይህ ቤት የእኔ ነው» የሚልበት ማስረጃ በክፍል ቁጥር ስድስት ባለች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ምስል ብቻ ሆነ። ሌላ ቅጂ የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

ሦስተኛ። ሌላ ቅጂ ያልኖረው ልጅቷ ሰንፋ አይደለም። ምስሎቹ ወደ ዋናው ማከማቻ እንዲገቡ የእርስዎ ፊርማና የእርስዎ ፓስወርድ ያስፈልጋሉ፤ ፓስወርዱን ደግሞ ለምክትልዎ እንኳ አልሰጧቸውም። በፍላሽ መገልበጥም በእርስዎው መመሪያ ክልክል ነው። እርስዎ በዚያን ሰሞን ለሁለት ወር ሥልጠና ሄደው ነበር። የሥልጠናው ርእስ «ሰነድን ከጥፋት ስለ መጠበቅ» መሆኑን የሰማሁ ዕለት የምጠጣው ሻይ በአፍንጫዬ ወጣ፤ ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እዚህ ላይ ቁጥር የማልሰጠው ነገር አለ፤ ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ስለሆነ።

በእኛ ጊዜ የጽሕፈት ክፍሉ አለቃ፣ እኛ «መነጽር» የምንላት ሴትዮ፣ ጠረጴዛ ላይ ያላለቀ ወረቀት ካየች ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ታንባርቅብን ነበር። ስለዚህ ስምንታችንም ጸሐፊዎች ያላለቀውን ሥራ ከጠረጴዛ ሥር ባለው የሽቦ ቅርጫት ውስጥ፣ ሳይታጠፍ ሳይጨማደድ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አስተኝተን እናስቀምጥ ነበር። መነጽር ሁሉን ትፈትሻለች፣ ቅርጫት ግን አትፈትሽም። ጽዳት ሠራተኛዋም ነገሩ ስለገባት የተጨማደደውን ብቻ ትወስዳለች፣ የተዘረጋውን አትነካም። እንዲህ ስንሠራ ሃያ ዓመት አለፈ፤ አንዲት ገጽ አልጠፋችብንም። ኮምፒውተር መጥቶ ሪሳይክል ቢን የሚባለውን ሳየው፣ ሥዕሉም ያው ቅርጫት ነውና፣ የድሮ ወዳጄን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ያላለቀውን ዴሊት እያደረግሁ እዚያ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ሪስቶር እያልኩ አወጣዋለሁ፣ ስወጣ መልሼ እከተዋለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት እንዲሁ ነው።

የእርስዎ መመሪያ በወጣ ሳምንት የወንድሜ ልጅ ጭንቅ ብሏት መጣችና፣ ያላለቀውን የት ላድርገው፣ ፎልደር ውስጥ ካገኙት ማስጠንቀቂያ ይሰጡኛል፣ አለችኝ። እኔም በኩራት፣ እግሬን አንፈራጥጬ፣ «ቅርጫት ውስጥ አስቀምጪው፤ ቆሻሻ የሚፈትሽ አለቃ ገና አልተወለደም» አልኳት። አንድ መቶ አርባ ሦስቱም ማኅደሮች የእርስዎን ፊርማ እየጠበቁ እዚያ ቅርጫት ውስጥ የተቀመጡት በእኔ ምክር ነው። ያልገባኝ ነገር የኮምፒውተሩ ቅርጫት የተጨማደደውን ከተዘረጋው የምትለይ ጽዳት ሠራተኛ እንደሌለችው ነው። አንድ ጊዜ «አጽዳ» ከተባለ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ልጅቷ አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» ብላ አልወቀሰችኝም፣ እሱ ነው የባሰ የሚያቃጥለኝ። የእኔ ጥፋት ይህ ነው፤ አልክደውም። ኮሚቴው ሰኞ እኔንም ከፈለገ ሳልጠራ እመጣለሁ።

አራተኛ። ማኅደሮቹ ወደ ጠፉባት ወደዚያች ረቡዕ ልምጣ። ከሥልጠና በተመለሱ በሦስተኛው ቀን እንግዶች ይዘው መሥሪያ ቤቱን ክፍል በክፍል ያስጎበኙ ነበር። በዚያው ረፋድ ሠራተኛው ሁሉ ላይኛው ፎቅ አዳራሽ ተሰብስቦ ምክትልዎ የንጽሕና ሽልማት ይሰጡ ነበር። የዓመቱ ንጹሕ የኮምፒውተር ገጽ አሸናፊ ማን ሆነች? የወንድሜ ልጅ። ሰባ ሰው እያጨበጨበላት የምስክር ወረቀት ተቀበለች፤ ወረቀቱ አሁን አጠገቤ ነው፣ ጠርዙ ወርቃማ ነው፣ ማኅተሙም የእርስዎ ነው። ወደ ምድር ቤት ወርዳ ክፍሏ ስትገባ ወንበሯ ወደ በሩ ዞሯል፣ ቅርጫቱ ባዶ ነው። ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ቢሮዎ ሮጣ መጥታ፣ ማኅደሮቹ ጠፍተዋል፣ ማሽኑ አሁኑኑ ይዘጋ፣ ማንም አይንካው፣ ያለችው እሷ ራሷ ናት። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የእግድ ደብዳቤ ደረሳት።

የክሱ ደብዳቤ «ኮምፒውተሩ በተከሳሿ ስም የተመዘገበ በመሆኑ ያጠፋችው እሷ ለመሆኗ ጥርጥር የለውም» ይላል። እጅግ የረቀቀ አመክንዮ ነው። በዚህ አካሄድ ነገ ቤቴ ቢዘረፍ ሌባዋ እኔ ነኝ፤ ቤቱ በስሜ ነውና። ሰባ ሰው ፊት ቆማ ጭብጨባ ስትቀበል እጇ ሦስት ፎቅ ወርዶ ምድር ቤት ማውዝ ይነካ እንደሆነ ኮሚቴው ይመርምርልኝ፤ እንዲህ ያለ እጅ ካላት ስካን ማድረግ አይገባትም፣ ሰርከስ ነው የሚገባት። ማን እንደነካው ግን እኔ አልናገርም፤ አልነበርኩም፣ አላየሁም፣ ያላዩትን መፈረም ለእኔ አልለመደብኝም።

አምስተኛ። አሁን ሰላም ወደ ነሳኝ ነገር ደረስኩ። ሰፈራችን ውስጥ ከጫማ ሰፊው ጎን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ የኮምፒውተር ጥገና ሰው አለ፤ ማሽኑን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ ስለሚያዳምጥ «ሐኪሙ» እንለዋለን። እሱ እንደነገረኝ ከቅርጫት የተደፋ ነገር ወዲያው አይጠፋም። ማሽኑ የሚሰርዘው ማውጫውን ብቻ ነው፤ ገጹ በነበረበት ይቀመጣል። ነገር ግን ማሽኑ ያንን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ስለሚቆጥረው አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር በላዩ ላይ ይጽፍበታል፤ አንዴ ከተጻፈበት በኋላ ሐኪሙም አይመልሰው፣ ማንም አይመልሰው። «እትዬ፣ ሌላ ነገር አታድርጉ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ አምጡልኝ፣ እኔ አወጣዋለሁ» አለኝ። ከዚያ የማሽኑን ዓይነት ጠየቀኝ። አሮጌ መሆኗን፣ ስትሠራ እንደ ሽማግሌ እንደምታጉረመርም ስነግረው ፊቱ በራ፤ አዲሶቹ ከቅርጫታቸው የተደፋውን ነገር ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ያጸዱታል አለኝ። ስለዚህ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ለምድር ቤቱ ሠራተኞች አንድም አዲስ ዕቃ ስላልገዙ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከልቤ ነው የማመሰግንዎ። ተስፋችን የተንጠለጠለው በዚህ ንፍገትዎ ላይ ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት ማሽኗ ታሽጋ ተዘግታ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ እሽጉ ተቀደደ፤ የወንድሜ ልጅ ወንበር ላይ የባለቤትዎ ታናሽ እህት ተቀመጠች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሰላምታዋ ጥሩ ነው፣ በእሷ ላይ ቂም የለኝም። ሥራ ስላልተሰጣት ግን ተከታታይ ድራማ እያወረደች ታያለች። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ፣ የክፍል ቁጥር ስድስት መስኮት ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉን ያያል። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ጫማዬን የማስር መስዬ በየቀኑ አያለሁ። አላፊ አግዳሚው ያበድኩ ይመስለዋል። ትናንት ከድራማው ክፍል ሃያ ሰባት ላይ ደርሳለች። ተዋናይቷ ባሏን ለቅቃ ሄዳለች፣ አማቷም ታማለች። እኔ ግን እነሱን አይደለም የማየው፤ አንድ ክፍል በወረደ ቁጥር የማን ቤት፣ የማን የግቢ ወሰን፣ የማን ፊርማ ተጻፈበት እያልኩ ነው የምቆጥረው። ባለፈው ማክሰኞ መስኮቱን አንኳኩቼ፣ ልጄ፣ በእናትሽ ማሽኑን ዝጊው፣ ብላት ልቧ ተነካ መሰለኝ ዓይኗን ሰበረችና «እኔ ምን ላድርግ እትዬ፣ ተቀመጪ ተብዬ ነው የተቀመጥኩት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያስቀመጧት እርስዎ ነዎት።

ስድስተኛ የሚባል ቅሬታ ነበረኝ፣ ስለ በር ጠባቂዎ ነበር፤ ሳስበው ግን የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ተውኩት።

ይልቅስ ልጅቷ በቤቴ ምን እየሠራች እንደሆነ ልንገርዎ፤ ተከሳሽን መከታተል የእርስዎም ፍላጎት ይሆናልና። ጥግ ላይ ባለችው ጠረጴዛ ተቀምጣ በአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ የጠፉትን ማኅደሮች ከነቁጥራቸውና ከነባለቤቶቻቸው በቃሏ እየጻፈች ነው። እያንዳንዱን ወረቀት በእጇ ስላደረቀችው አልረሳችውም። ምሳ ስንበላ ማንኪያዋን ትጥልና ተነሥታ ትሮጣለች፤ አንድ ቁጥር ትዝ ብሏት ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ጽፋለች። ሃያ አራት ይቀሯታል፤ እነሱ አልመጣ ስላሏት ትናንት ግንባሯን በጠረጴዛው ላይ ደፍታ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሰነድ ሆን ብሎ ያጠፋ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ እርስዎ በሥልጠናዎ ላይ አስተምረውዎት ይሆናል፤ እኔ ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

ከባለ ማኅደሮቹ አንዱ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ማዶ ሱቅ ያላቸው አዛውንት ሰዓት ሠሪ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቴን አጠያይቀው መጡ። የቤታቸው ግድግዳ በአንድ በኩል ተደርምሷል፤ ለማሠራት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለፈቃዱ ደግሞ ማኅደሩ ያስፈልጋል። ሸራ ወጥረው ነው የተቀመጡት። ሊሰድቧት የመጡ መስሎኝ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። እሳቸው ግን ቆባቸውን አውልቀው፣ የእኔን ማኅደር አይተሽው ነበር ወይ፣ ብቻ ነው ያሏት። እሷም፣ አዎ አባቴ፣ በሰማያዊ ክር የታሰረው ነው፣ የባለቤትዎ ፎቶ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ ፎቶው እንዳይቀደድ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ፣ አለቻቸው። ሽማግሌው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ያቺ ፎቶ የሟች ባለቤታቸው ብቸኛ ፎቶ ኖሯል። ወረቀቱ በጭነት መኪና ሄዷል፤ ምስሉ ያለው በዚያች ማሽን ውስጥ ነው፣ እስካሁን ካለ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ምሕረት አልለምንም፤ ምሕረት ለጥፋተኛ ነው። ሹመት፣ ካሳ፣ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ፀጉር ማድረቂያዬንም ትቻለሁ። ዛሬ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ፣ ክፍል ሃያ ስምንት ሳይወርድ፣ አንድ ሰው ወደ ክፍል ቁጥር ስድስት ልከው ሶኬቱን ያስነቅሉልኝ። ሰኞም ሐኪሙ ኮሚቴው በተሰበሰበበት፣ ሁሉም እያየ፣ ማሽኗን ይክፈትና ያለውን ያውጣ። ልጅቷ አጥፍታ ከሆነ እዚያው ይታያል፤ ሌላ ሰው አጥፍቶ ከሆነም እዚያው ይታያል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ ሥልጠና አያስፈልግም፣ ፓስወርድም አያስፈልግም። ጎንበስ ብሎ መንቀል ብቻ ነው፤ ጎንበስ ማለቱ ለክቡርነትዎ ከከበደ እኔ ለምጃለሁና ይጥሩኝ።

ጊዜዎን በመሻማቴ እጅግ እያፈርኩ፣ ስለ መመሪያዎ፣ ስለ ቧንቧዎ፣ ስለ ፓስወርድዎና ስለ ጓሮ በርዎ ያለኝን የማይቀንስ አድናቆት እየገለጽኩ፣ መልስዎን በእግረኛ መንገዱ ላይ ተንበርክኬ የምጠባበቅ፣

የቀድሞ የጽሕፈት ክፍል ባልደረባዎ፣
የተከሳሿ አክስት

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ
ለአንድ መቶ አርባ ሦስቱ ቤተሰብ፣ በመሥሪያ ቤቱ የውጭ በር ላይ የተለጠፈ
ለባለቤትዎ እህት፣ በመስኮቱ በኩል

ማስታወሻ፦ ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ ጫማዬን ልቀበል ብሄድ ጫማ ሰፊው የመሥሪያ ቤትዎን አዲሱን መጽሔት አንጥፎ ቁርሱን እየበላ አገኘሁት፤ ለምኜ ወሰድኩት። ገጽ ሦስት ላይ ሙሉ ገጽ የያዘ ፎቶዎ አለ፤ ያምርብዎታል። በዚያች ረቡዕ ረፋድ የወንድሜ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እንግዶቹ ከኋላዎ ቆመው እየሳቁ፣ ማውዙን ይዘው ይታያሉ፤ ከሥሩ «ክቡር ኃላፊው ዘመናዊ የቆሻሻ ፋይል አወጋገድን ለእንግዶች ሲያሳዩ» ይላል። ሁለት መነጽር ደርቤ በፎቶው ውስጥ የኮምፒውተሩን ገጽ አየሁት። ማሽኗ አንድ ጥያቄ ጠይቃዎታለች፤ እነዚህን አንድ መቶ አርባ ሦስት ነገሮች ለዘለዓለም ለማጥፋት እርግጠኛ ነዎት ወይ፣ ትላለች። ገጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለኮሚቴው ሰብሳቢ በእጃቸው ሰጥቻለሁ፤ በበሩ ላይም ከጎኑ ተለጥፏል፣ ሰዓት ሠሪው አሁን እያነበቡት ነው። እርስዎን ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለተጠየቁት ነገር መልስ አይሰጡም እያልኩ በየደረስኩበት ሳማዎት ኖሬያለሁ፤ ለዚህኛው ጥያቄ ሳያስመላልሱ፣ ኮሚቴ ሳያቋቁሙ፣ እየታየ ነው ሳይሉ፣ ወዲያውኑ «አዎ» ብለው መልሰዋል።